መሬት የነካው ቃሬዛ

ሰው ያጠፋውን ጥፋት ሲያወራ አስቀድሞ ሰበቡን ይደረድራል። እኔ ሰበቤን ሁሉ ዓመት ሙሉ ለራሴ ስደረድር ከርሜ ጨርሼዋለሁ። ለእናንተ የተረፈኝ የሆነው ነገር ብቻ ነው።

የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ በጋሪ ሰውና እህል እያመላለሰ አስተማረኝ፤ እኔም ኮምፒውተር ተማርኩና እንጅባራ ውስጥ አንድ ትንሽ የጤና ፕሮጀክት ቀጠረኝ። በመሥሪያ ቤቱ ኮድ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ የሚያርመኝም የሚፎካከረኝም አልነበረም። ሁሉም "ኢንጂነር" ይለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት "ኧረ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም" እል ነበር። በሁለተኛው ወር ማስተባበሉን ተውኩት። በስድስተኛው ወር በስሜ የጠራኝ ሰው ቅር ያሰኘኝ ጀመር። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስላል። በየገጠር ቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አምቡላንስ ሲፈልጉ ለሾፌሩ ይደውሉ ነበር። ሾፌሩ ግን የቀኑን እኩሌታ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ሲደውሉ፣ ሲቋረጥ፣ ጉብታ ሲወጡና ሲወርዱ ሰዓቱ ይሄዳል። በኔ አሠራር ሠራተኛዋ ስልኳ ላይ አንድ ቦታ ትነካለች፤ ጥያቄው ቢሯችን ወዳለው ኮምፒውተር ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ለሾፌሩ አጭር መልእክት ይልካል፤ ሾፌሩ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ይመልሳል፤ መልሱ ወዲያው ለሠራተኛዋ ይተላለፋል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ። አንዱ ሲም ካርዱን ከያዘው መሣሪያ ጋር የሚነጋገረው ነው፤ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሌላ ሰው ጽፎት ተዘጋጅቶ የመጣ። ሁለተኛው ፓይተን በሚባል ሌላ ቋንቋ የተጻፈው የኔ ነው። የኔው መልእክቱን አስልኮ መልስ እስኪመጣ ተገትሮ አይቀርም፣ ሌላ ሥራ አለበት። ስለዚህ ለሲው ፕሮግራም አንድ አድራሻ ይሰጠዋል፤ "መልስ ሲመጣ በዚህ ጥራኝ" ብሎ። እኛ የሙያው ሰዎች ኮልባክ እንለዋለን። ገበያ የወጣ ሰው "መልስ ከመጣልኝ እገሌ ሱቅ ንገሩልኝ" ብሎ ወደ ጉዳዩ እንደሚሄደው ነው። ሱቁ መልሱ እስኪመጣ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

በሥልጠናው ቀን ሁለት ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ከአንዱ ጥያቄ ላክሁ፣ በሌላው መለስኩ፣ መልሱ ባራት ሴኮንድ ደረሰ። ተጨበጨበ። ከዚያ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬን የሚያግለኝን ነገር ተናገርኩ።

"አንዴ ከላካችሁ በኋላ ደጋግማችሁ አትደውሉ፣ መስመር ታጨናንቃላችሁ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መልሱ ራሱ ፈልጎ ያገኛችኋል።"

ከኋላ የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች። እናኑ ትባላለች፤ ከጥሊሊ በላይ ባለች ቀበሌ የምትሠራ፣ እዚያው የተወለደች፣ አገውኛውንም አማርኛውንም እኩል የምትናገር።

"መልሱ ባይመጣስ?" አለችኝ።

"ይመጣል።"

"ይሁን። እኛ ጋ ግን ቃሬዛ አለ፣ ኢንጂነር። ቃሬዛ አንዴ ከተነሳ መሬት አይነካም። የደከመው ሰው የሚለቀው፣ ሌላው ትከሻውን ከሥር አግብቶ 'ያዝኩ' ሲለው ብቻ ነው። አስፋልት እስኪደርስ እንደዚያ ነው። ያንተ ነገር እንዴት ነው የሚለቀው?"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄዋ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ የኢንጂነር ጥያቄ እሱ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ። እንጅባራ በጉም ተሸፍና ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የእናኑ ጥያቄ በኮምፒውተሩ ማያ፣ ስክሪኑ ላይ መጣ። ይታይሽ የምትባል ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇ፣ ምጥ ከያዛት ሌሊቱ አልፏል፣ ልጁ አልወርድ ብሏል። መልእክቱ ለሾፌሩ ለጋሽ ደሴ ተላከ። ከስሟ አጠገብ "ምላሽ በመጠበቅ ላይ" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። አልተጨነቅሁም፤ ጋሽ ደሴ ሸለቆ ውስጥ ይሆናል አልኩ። አራት ሰዓት ተኩል አልፎ ማያው ድንገት ጨለም ብሎ ተመለሰ። መብራት ተንቀጠቀጠ ብዬ አሰብኩ። በክረምት የእንጅባራ መብራት እንደሚያደርገው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጽሑፉ ተመልሶ ያው "ምላሽ በመጠበቅ ላይ" ይላል። እኔም ሻዬን ጠጣሁ።

አምስት ሰዓት ላይ እናኑ ደወለች። ዝናቡ ስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"ኢንጂነር፣ መልስ አልመጣልኝም። ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተዋል። ተጭናለች። እንሂድ?"

"ጋሽ ደሴ እናንተ ጋ እየመጣ ቢሆንስ?"

"መንገድ ላይ እንገናኛለና።"

"እናንተ በእግር መንገዱ፣ እሱ በመኪናው መንገድ። ብትተላለፉስ? እናንተ አስፋልት፣ እሱ ደጃችሁ። ያኔ ምን ይሆናል?"

ከኋላዋ የወንዶች ድምፅ ይሰማኛል፣ በአገውኛ።

"ሽማግሌው የተነሳ ቃሬዛ አይቀመጥም እያሉ ነው" አለችኝ። "የባሏ አባት ናቸው።"

"አስረጃቸው እንጂ። ዝናብ ላይ ይዘዋት ቆመው ምን ያደርጋሉ? ወደ ቤት አስገቧት። እኔ ማያው ላይ እያየሁት ነው፣ ጥያቄው አልተቋረጠም፣ በመጠበቅ ላይ ነው። መልሱ ይመጣል።"

ስልኩን ሳትዘጋ በአገውኛ ስትናገር ሰማሁ። ረጅም ነበር። ሽማግሌው መለሱ። ደግማ ተናገረች። ከዚያ አንድ ትንሽ ድምፅ፣ እንጨት ጭቃ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት።

"አስቀመጡት" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥርዓት ተከበረ ብዬ።

ለጋሽ ደሴ ደወልኩ፣ አይገኝም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይገኝም። ሥልጠና ላይ አትደውሉ ያልኩት ሰውዬ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እናኑ ተመልሳ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል። ኢንጂነር አላለችኝም።

"ደሟ እየፈሰሰ ነው። ምን ይላል?"

ማያውን አየሁት። "በመጠበቅ ላይ" አልኳት።

"አሁንም?"

"አሁንም።"

"እኔ ከዚህ በላይ አልጠብቅም" ብላ ዘጋችው። ማዘዙን እንኳ ለኔ አልተወችውም፤ እግዜር ይስጣት።

ከቤቱ እስከ አስፋልቱ መገንጠያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በዚያ ጭቃ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ሲደርሱ አምቡላንሱ እዚያው ቆሞ አገኙት። ጋሽ ደሴ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። እነሱ ቤት ሲጠብቁ እሱ መንገድ ላይ፣ ሁለቱም ሌላው እየመጣ ነው ብለው።

ማምሻውን ከሆስፒታል ተደወለ። ይታይሽ ተርፋለች። ልጁ ግን አልተረፈም። ወንድ ነበር አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደሴ ቢሮ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

"አንብበው ልጄ" አለኝ።

የላከው መልእክት ነው። "ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። መኪና አይገባም። በቃሬዛ እስከ መገንጠያው አውርዷት፣ እዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ።" የተላከበት ሰዓት አራት ከሠላሳ ሰባት ይላል።

"ጉብታው ላይ ኔትወርክ ሲይዝልኝ ላክሁት። መገንጠያው ላይ ኔትወርክ የለም። ደርሷቸዋል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። መልሴ የት ደረሰ?"

"አያለሁ ጋሽ ደሴ" አልኩት።

አየሁ። ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ሁሉ በሰዓት የሚመዘግብበት ፋይል አለ፣ ሎግ የምንለው። አራት ከሠላሳ ሰባት ላይ የጋሽ ደሴ መልስ ደርሷል። የሲው ፕሮግራም ተቀብሎ በተሰጠው አድራሻ ጠርቷል። አድራሻው ላይ ግን ማንም አልነበረም። ባዶ ቦታ ጠርቶ ራሱ ወደቀ፤ ሲወድቅ በራሱ እንዲነሳ አድርጌው ስለነበር ወዲያው ተነሳ፤ መልእክቱ ግን አንዴ ተነብቧል ተብሎ ከሲም ካርዱ ተሰርዟል። መብራት ነው ያልኩት የማያው መጨለም እሱ ነበር። ዓይኔ እያየ ነው የጠፋው።

ለምን ባዶ ሆነ? ፓይተን ቤቱን የሚያጸዳ ቋንቋ ነው። የያዘው ሰው የሌለውን ነገር ሁሉ ይጠርጋል። የሚያየው ግን በራሱ በኩል ያሉትን ያዦች ብቻ ነው፤ በሌላው ቋንቋ በኩል አንድ ሰው አድራሻውን ይዞ እየጠበቀበት እንደሆነ አያውቅም። የኔ ኮድ አድራሻውን ለአሥር ደቂቃ ያህል ይዞት ይቆያል፤ ከዚያ መልስ ካልመጣ ወደ ሌላ ሥራው ሲዞር ይለቀዋል። ባራት ሴኮንድ መልስ ሲመጣ ችግር የለም። በአርባ ሰባት ደቂቃ ሲመጣ ሱቁ ተዘግቶ፣ በሩ ተነቅሎ፣ ቦታው ተጠርጓል። እኔ ሥራዬን የሞከርኩት ጎን ለጎን በተቀመጡ ስልኮች ነው። ጉብታና ሸለቆ ባለበት አገር ተወልጄ ጉብታና ሸለቆ የሌለበትን አገር ብቻ ሞከርኩ።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስህተት አይደለም።

በዚያው ቀን ስብሰባ ተቀመጥን። ኃላፊያችን ጠየቀኝ፤ "ሲስተሙ ምን ሆኖ ነው?" አፌን ከፈትኩ፤ ከመናገሬ በፊት እሱ ቀጠለ። "መቼም ኔትወርክ ነው። ግን ሠራተኛዋስ? መልስ ካልመጣ በራሷ አስባ ማውረድ አልነበረባትም?" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ አትጠይቁኝ። በዚህ አገር ያልሆነው ሁሉ በኔትወርክ ይላከካል፤ ኔትወርክ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይከራከርም።

ጋሽ ደሴ በየጠዋቱ የመኪናውን ቁልፍ ሊወስድ ሲመጣ ደጃፌ ላይ ይቆማል። "መልሴ የት ደረሰ ልጄ?" ይለኛል። "እያየሁት ነው" እለዋለሁ። በሰባተኛው ቀን ጥያቄውን ሳይጠይቅ አይቶኝ ብቻ ሄደ። ገብቶታል።

በስምንተኛው ቀን ኃላፊያችን አንድ ደብዳቤ አትምልኝ ብሎ ላከልኝ። ቢሮው ውስጥ ማተሚያውን የማዘው እኔ ነኝ። ለእናኑ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። "በራስ ተነሳሽነት ተገቢውን ውሳኔ ባለመስጠት" ይላል። ትኩስ ወረቀቱን አንስቼ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ጥሊሊ ሄድኩ።

ደውዬላት ስለነበር እናኑ መገንጠያው ላይ ጠበቀችኝ። ለልቅሶ የመጣሁ መስሏታል። መንገዱን ሁሉ ልነግራት አስባለሁ፤ የቀርከሃውን አጥር ስናልፍ እነግራታለሁ እላለሁ፣ እናልፈዋለን፤ ወንዙን በእግረኛ ድልድዩ ስንሻገር እላለሁ፣ እንሻገራለን። ቤቱ ደረስን።

ሽማግሌው አባት ደጅ ላይ ነበሩ። አማርኛ አይናገሩም። አየነው የሚባለው ልጃቸው፣ የይታይሽ ባል፣ አጠገባቸው ተቀምጦ መሬት ያያል። ይታይሽ ውስጥ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ቃሬዛው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ የቀርከሃ፣ ጭቃው ገና አልተጠረገለትም።

እግዜር ያጥናችሁ አልኩ። ተቀመጥ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

"እናኑ፣ የምለውን ንገሪልኝ" አልኳት። "መልሱ በዚያን ቀን መጥቶ ነበር። ጋሽ ደሴ ልኮታል። የጠፋው እኔ በሠራሁት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ኔትወርክ አይደለም። እናኑም አላጠፋችም። ቃሬዛውን አስቀምጡ ያልኩት እኔ ነኝ።"

እናኑ ዞራ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው መሆኑን፣ በሰው ፊት መሆኑን፣ ይህን ሁሉ ደግሞ በራሷ አፍ ማስተላለፍ ያለባት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ወደ ሽማግሌው ዞራ ተናገረች፤ ከተናገርኩት አላስረዘመችም፣ አላሳጠረችም።

መልስ ስጠብቅ ቆምኩ። ሽማግሌው ቃሬዛውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፣ እናኑም እየተከተለች ተረጎመችልኝ።

"አርባ ዓመት ተሸክሜያለሁ ይላሉ። እናቶችን፣ የቆሰለ፣ የሞተም። አንድም ቀን አስቀምጡ ብዬ አላውቅም ይላሉ። ያን ዕለት ግን ከተማ ያለው ሰው በማሽን እያየ ነው ሲሉኝ፣ እሱ ከኔ ያውቃል ብዬ አስቀምጡ አልኩ። ወንዶቹ የሰሙት እኔን ነው እንጂ አንተን አይደለም ይላሉ።"

አየነው ቀና አላለም።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ፣ በአማርኛ። ይታይሽ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ማንም እንዲተረጉምላት አላስፈለጋትም፣ የተናገርኩትን ሁሉ ከኔው አፍ ሰምታዋለች።

"ስንት ሰዓት ነው መልሱ የመጣው?"

"አራት ከሠላሳ ሰባት" አልኳት።



"ያኔ ይላወስ ነበር" አለች።

ከግቢው ወጣን። 

ስንመለስ እናኑ ፊት ፊት ትሄዳለች። መገንጠያው ጋ ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ አጥፋ መለሰችልኝ።

"ይህን ለሰጠህ ሰው መልስለት። የሆነውን እንደነገርካቸው ለሱም ንገረው" አለች። "አስጠብቀኸኝ ነበር፣ እሱን አልፈዋለሁ። ሳትነግረኝ ያስተረጎምከኝን ግን አልረሳልህም።"

ለኃላፊያችን ነገርኩት። ደብዳቤው ቀረ፤ በምትኩ የተጻፈው በኔ ስም ነው፣ አትሜም የፈረምኩበት እኔው ነኝ። ከሥራ አልተባረርኩም፣ ብባረር ይቀለኝ ነበር። ኢንጂነር ሲሉኝ ግን በስሜ ጥሩኝ እላለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ኮድ ጻፋችሁም አልጻፋችሁም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰውን "ጠብቅ" ስትሉ፣ እስኪመለስለት ድረስ ጉዳዩን በእጁ የያዘለት ሰው ማን እንደሆነ እወቁ። ይመጣል ማለት መያዝ አይደለም። እኔ ሦስት ሰዓት ያህል ይመጣል አልኩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጉዳዩን የያዘ ማንም አልነበረም።

ኮዱን ያረምኩት በአንድ መስመር ነው። የተሰጠው አድራሻ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የሚቀመጥበት ዝርዝር አበጀሁ፤ መልሱ ደርሶ ሲረጋገጥ ብቻ ነው የሚለቀቀው። ያ መስመር ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። በዚያች ቀበሌ ደግሞ ሽማግሌው የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፤ መልእክት ሲላክ ቃሬዛው ይነሳል፣ መልሱ መንገድ ላይ ይድረስባቸው። እናኑ ናት የነገረችኝ፣ በስልክ፣ ለሥራ ጉዳይ ደውላ።

ከመስመሩ ጎን ለኮድ አንባቢ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ 4፡37 ብዬ ጽፌያለሁ፣ ሌላ ቃል የለውም። በቅርቡ አንዲት ባልደረባ ተቀጠረችልኝ፣ ከጫግኒ የመጣች፣ ፈጣን፣ ትንሽ ኩሩ። ኮዱን ስታጸዳ እዚያ ደረሰችና ጠራችኝ።

"ይህ ቁጥር ምንም አይሠራም" አለችኝ። "ላጥፋው?"

"ተይው" አልኳት። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።